ሩዶልፍ ዲዝልና በአራት ዓመት ሙከራ የተገራው ሞተር

መብራት ባልደረሰበት ገጠር ወፍጮ ቤቱ ሥራ መጀመሩ የሚታወቀው በድምፁ ነው። ሞተሩ ተነስቶ ቱክ ቱክ ማለት ሲጀምር ጎረቤቱ ሁሉ እህሉን ይዞ ይወጣል። በወንዝ ዳር መስኖ ያለው ገበሬ ውሃ የሚስብበት ፖምፓ፣ ማሳ የሚያርሰው ትራክተር፣ ምርት የሚሰበስበው ኮምባይነር፣ ከመሠረታዊ ማኅበሩ መጋዘን እህል ጭኖ ወደ ዩኒየኑ የሚመጣው የጭነት መኪና አብዛኛውን ጊዜ የሚሠሩት በአንድ ዓይነት ሞተር ነው። ሞተሩ ናፍጣ ይጠጣል፤ ካንዴላ የለውም። እኛ ነዳጁን ናፍጣ ብለን ስለምንጠራው የሰውየው ስም ተሸፍኖብን ቀርቷል እንጂ በብዙ አገሮች ሞተሩም ነዳጁም የሚጠሩት በፈልሳፊው ስም ነው። እርሱም ሩዶልፍ ዲዝል ይባላል።

በዚህ የምስረታ በዓል መጽሔት የዲዝልን የሕይወት ታሪክ ለማቅረብ የመረጥነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ አንድ ጥሩ ሐሳብ ለሥራ እስኪበቃ ድረስ ምን ያህል ፈተና እንደሚያልፍ የዚህ ሰው ታሪክ በግልጽ ስለሚያሳይ ነው። ሁለተኛው ምክንያት ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። ዲዝል የሞተር መሐንዲስ ብቻ አልነበረም፤ ሠራተኞች ጥቂት ጥቂት አዋጥተው የሥራቸው ባለቤት የሚሆኑበትን መንገድ በመጽሐፍ ጽፎ ያሳተመ ሰውም ነበር። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን እንዲገነዘቡልን እንጠይቃለን።

ልጅነትና ትምህርት

ሩዶልፍ ዲዝል ማርች 18 ቀን 1858 ፓሪስ ከተማ ተወለደ። ወላጆቹ ከጀርመን ምድር ከባቫርያ ተነስተው ኑሮ ፍለጋ ወደ ፈረንሳይ የመጡ ነበሩ። አባቱ ቴዎዶር መጽሐፍ ጠራዥና የቆዳ ዕቃ ሠሪ ነበር። ከሦስት ልጆች ሁለተኛው የሆነው ሩዶልፍ አባቱ የሠራቸውን ዕቃዎች ለደንበኞች በማድረስ ቤተሰቡን ያግዝ ነበር። ጊዜ ሲያገኝ ደግሞ ወደ ከተማዋ የቴክኒክ ሙዚየም እየሄደ የተለያዩ መሣሪያዎችን ሲመለከት ይውል ነበር።

በ1870 በፈረንሳይና በፕራሻ መካከል ጦርነት ሲነሳ በፓሪስ የሚኖሩ ጀርመኖች አገሩን ለቀው እንዲወጡ ተደረገ። የዲዝል ቤተሰብም ወደ ለንደን ተሰደደ። ኑሮ ስለከበዳቸው ገና 12 ዓመት የሆነውን ሩዶልፍን ብቻውን ወደ ጀርመን፣ ወደ አውግስቡርግ ከተማ ላኩት። እዚያ የተቀበሉት አክስቱና የአክስቱ ባል ሲሆኑ፣ ባልየው በከተማው የሙያ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር ነበር። ልጁ በ14 ዓመቱ መሐንዲስ መሆን እንደሚፈልግ ለወላጆቹ በደብዳቤ አስታወቀ። በ1873 ከክፍሉ አንደኛ ሆኖ ትምህርቱን ጨረሰ። ወላጆቹ ቶሎ ሥራ ይዞ እንዲረዳቸው ቢፈልጉም፣ በ1875 ሙኒክ ከሚገኘው ከፍተኛ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ነፃ የትምህርት ዕድል ስላገኘ ወደዚያው ሄደ።

በሙኒክ ካስተማሩት መምህራን አንዱ የማቀዝቀዣ መሣሪያዎች አባት እየተባለ የሚጠራው ካርል ፎን ሊንደ ነበር። ዲዝል በ1879 የአንጀት ተስቦ ታሞ የመመረቂያ ፈተናው አለፈው። ቀጣዩን ፈተና እስኪጠብቅ ድረስ ግን ቁጭ አላለም። በስዊዘርላንድ ቪንተርቱር ከተማ በሚገኝ የማሽን ፋብሪካ ገብቶ በእጁ ሠራ። በጃንዋሪ 1880 በከፍተኛ ማዕረግ ከተመረቀ በኋላ መምህሩ ሊንደ ፓሪስ ላለው የበረዶ ፋብሪካ ሥራ ቀጠረው። በ1883 ማርታ ፍላሼ ከምትባል ሴት ጋር ተጋብተው ሦስት ልጆችን አፈሩ።

ዘጠኝ እጁ የሚባክን ሙቀት

የዲዝልን ዕድሜ ሙሉ የያዘው ጥያቄ የተነሳው ገና በተማሪነቱ በ1878 ነው። በዚያ ዘመን ፋብሪካው፣ ባቡሩና መርከቡ ይንቀሳቀስ የነበረው በእንፋሎት ነበር። ሊንደ በክፍል ውስጥ ሲያስተምር የእንፋሎት ሞተር ከሚቃጠለው ከሰል ሙቀት ወደ ሥራ የሚለውጠው ከ6 እስከ 10 በመቶ ብቻ መሆኑን አስረዳ። የቀረው ዘጠኝ እጅ በጭስ ማውጫና በእንፋሎት ይባክናል። ተማሪው ይህን በማስታወሻ ደብተሩ ጠርዝ ላይ ጻፈ፤ ከዚያ ወዲያ ከሐሳቡ አልወጣም።

ብክነቱ የገንዘብ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። የእንፋሎት ሞተር ትልቅ ማፍያ ጋን፣ ብዙ ከሰልና ቋሚ እሳት አንዳጅ ይፈልጋል። ይህን ማቅረብ የሚችለው ባለ ትልቅ ፋብሪካ ስለሆነ በየሠፈሩ በእጁ የሚሠራው ባለሙያ ከገበያ እየወጣ ነበር። ዲዝል ትንሹም ሰው ሊገዛውና ሊያሠራው የሚችል፣ ነዳጅ የማያባክን ሞተር ቢገኝ ይህ ባለሙያ ቆሞ መሄድ ይችላል ብሎ ያምን ነበር።

በርግጥ ነዳጁን በውስጡ የሚያቃጥል ሞተር ከዲዝል በፊትም ነበር። ኒኮላውስ ኦቶ የተባለ ጀርመናዊ በ1876 በኮሎኝ አጠገብ በምትገኘው ዶይትስ በአራት ምት የሚሠራ የጋዝ ሞተር አስነስቷል። አራቱ ምቶች ዛሬም ያልተለወጡ ናቸው። ፒስተኑ መጀመሪያ አየር ይስባል፤ ቀጥሎ ያምቃል፤ ከዚያ ነዳጁ ተቃጥሎ ይገፋዋል፤ በመጨረሻም የተቃጠለውን ጭስ ያስወጣል።

ይህ ሁሉ በትክክል እንዲሄድ በሮቹ በሰዓታቸው መከፈትና መዘጋት አለባቸው። የሞተር በር ቫልቭ ነው። ኦቶ መጀመሪያ የተጠቀመበት ቫልቭ ወዲያና ወዲህ እየተንሸራተተ ቀዳዳ የሚከፍትና የሚዘጋ ጠፍጣፋ ብረት ነበር። ጋዙን የሚያቀጣጥለውን ነበልባል ወደ ሲሊንደሩ የሚያደርሰውም ይኸው ተንሸራታች ብረት ነበር። በአነስተኛ ግፊት ይሠራል፤ ግፊትና ሙቀት ሲጨምር ግን ቅባቱ ይቃጠላል፣ ብረቱ ይፋቃል፣ ጋዙም ያሾልካል። ስለዚህ ሞተር ሠሪዎች እያደር ወደ ሌላ ዓይነት ቫልቭ ዞሩ። ይህም ቀጭን ዘንግና ክብ ክዳን ያለው፣ የእንጉዳይ መልክ ያለው ቫልቭ ነው። ክዳኑ የሚቀመጠው በሲሊንደሩ ውስጥ በኩል በመሆኑ የሲሊንደሩ ግፊት ራሱ ወደ መቀመጫው እየተጫነ ያጠብቀዋል። ግፊቱ በጨመረ መጠን ቫልቩም ይበልጥ ይገጥማል። ከፍተኛ እመቃ ላለው ሞተር መንገድ ከከፈቱት ነገሮች አንዱ ይህ ቀላል የሚመስል ለውጥ ነው።

የዲዝል ሐሳብ

የብስክሌት ጎማ የነፋ ሰው መንፊያው እንደሚሞቅ ያውቃል። አየር ሲታመቅ ይሞቃል። ዲዝል የተነሳው ከዚህ እውነት ነው። በሲሊንደር ውስጥ አየር ብቻ አስገብቶ እጅግ አጥብቆ ቢያምቀው አየሩ እንደ ምድጃ ይግላል። በዚያች ቅጽበት ጥቂት ነዳጅ ቢገባበት ያለ ነበልባልና ያለ ካንዴላ በራሱ ይቀጣጠላል። እመቃው ከፍ ሲል ደግሞ ከነዳጁ ሙቀት ወደ ሥራ የሚለወጠው ድርሻ ይጨምራል።

ይህን ሐሳብ በፌብሩዋሪ 1892 በርሊን ላይ ለፈጠራ መብት አመለከተ፤ በቀጣዩ ዓመት መብቱ ተሰጠው። በዚያው በ1893 የእንፋሎት ሞተርን የሚተካ አዲስ የሙቀት ሞተር አሠራርን የሚያብራራ መጽሐፍ አሳተመ። በሐሳቡ ዙሪያ ብቻውን እንዳልነበረም መናገር ተገቢ ነው። ኸርበርት አክሮይድ ስቱዋርት የተባለ እንግሊዛዊ በ1890 ያለ ካንዴላ፣ በጋለ የብረት ክፍል ነዳጅ የሚያቃጥል ሞተር የፈጠራ መብት አስመዝግቦ ነበር። ዲዝልን የለየው ነዳጁን የሚያቀጣጥለው በአየሩ መታመቅ ብቻ መሆኑና እመቃውም እጅግ ከፍተኛ መሆኑ ነው።

ይሁን እንጂ በወረቀት ላይ ያሰላው ሁሉ የሚሠራ አልነበረም። መጀመሪያ ያቀደው ግፊት ከ200 የከባቢ አየር ግፊት በላይ ሲሆን ይህን የሚችል ሲሊንደር በዚያን ጊዜ አልነበረም። ነዳጁ በምን ሁኔታ መቃጠል እንዳለበት ያሰላውም ስሌት ሞተሩ ራሱን እንኳ ማዞር እንዳይችል የሚያደርግ ሆኖ ተገኘ። ዲዝል ስሕተቱን አይቶ ስሌቱን አሻሻለ፤ ለተሻሻለውም በ1893 መጨረሻ ሌላ የፈጠራ መብት ጠየቀ።

አራት ዓመት በሥራ ቤት

በ1893 የአውግስቡርግ ማሽን ፋብሪካ ኃላፊ የነበረው ሃይንሪኽ ቡትስ የሙከራ ሞተር ለመሥራት ተስማማ። የክሩፕ ኩባንያም ወጪውን ለመጋራት ገባ፤ ለዲዝልም በዓመት 30 ሺህ ማርክ ደመወዝ ተቆረጠለት። ወደ 3 ሜትር ቁመት ያለው፣ ባለ አንድ ሲሊንደር የብረት ሞተር ተሠራ።

ኦገስት 10 ቀን 1893 ለመጀመሪያ ጊዜ ነዳጅ ገባበት። ነዳጁ ወዲያው ተቀጣጠለ፤ በሲሊንደሩ ውስጥ የነበረው ግፊትም ወደ 80 የከባቢ አየር ግፊት ዘለለ። ግፊቱን የሚመዘግበው መሣሪያ ፈንድቶ ፍንጣሪው በዲዝልና በባልደረቦቹ አጠገብ አለፈ። ማንም አልተጎዳም። ሞተሩ በራሱ ኃይል አልዞረም፤ ነገር ግን ነዳጅ በታመቀ አየር ብቻ እንደሚቀጣጠል በዚያን ቀን ተረጋገጠ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ሥራ አሰልቺ ነበር። አየሩ በፒስተኑ ዙሪያና በመገጣጠሚያዎች እያሾለከ የተፈለገው እመቃ አልገኝ አለ። በመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች የተገኘው 18 የከባቢ አየር ግፊት ያህል ብቻ ነበር። የፒስተን ሪንጎች ተለወጡ፤ ቫልቮችና መቀመጫዎቻቸው እንደገና ተሠሩ፤ እመቃው ቀስ በቀስ ወደ 30ዎቹ ወጣ።

ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1894 ሞተሩ ከፋብሪካው ዋና ዘንግ ጋር በቺንጋ ተያይዞ እየተዞረ ሲሞከር፣ ሊንደር የሚባለው መካኒክ ቺንጋው መላላቱን አስተዋለ። ሞተሩ መጎተቱን ትቶ በራሱ መዞር ጀምሮ ነበር። ሊንደር ምንም ሳይናገር ባርኔጣውን አወለቀ ይባላል። የዞረው ለአንድ ደቂቃ ያህል፣ በደቂቃ 88 ዙር ነበር። አንድ ደቂቃ ለማግኘት ብዙ ወራት ፈጅቷል።

ትልቁ ራስ ምታት ነዳጁን ማስገባት ነበር። ነዳጁ በታመቀው አየር ላይ መግባት ያለበት በትክክለኛዋ ቅጽበት፣ በትክክለኛው መጠንና እንደ ጉም ተበትኖ ነው። ዲዝል በፖምፓ ብቻ ገፍቶ ለማስገባት ሞከረ፤ በዘመኑ የነበሩት ፖምፓዎች ግን ነዳጁን በደንብ መበተን አልቻሉም። ነዳጁ ሳይቃጠል ይቀርና ሞተሩ ጥቁር ጭስ ይተፋል። በመጨረሻ የተገኘው መፍትሔ ነዳጁን በሲሊንደሩ ውስጥ ካለው ግፊት በሚበልጥ የታመቀ አየር መንፋት ነበር። ለዚህም ሹል ጫፍ ያለው እንደ መርፌ ያለ ቫልቭ ተሠራ። መርፌው ለቅጽበት ከመቀመጫው ሲነሳ ነዳጅና አየር አብረው ይገባሉ፤ ሲመለስ መንገዱ ይዘጋል። በዚህ ዓይነት በሞተሩ ቴስታታ ላይ አራት ቫልቮች ተቀመጡ። አንዱ አየር ማስገቢያ፣ አንዱ ጭስ ማውጫ፣ አንዱ የነዳጅ መርፌ ሲሆን አራተኛው ሞተሩን በታመቀ አየር የሚያስነሳው ነው።

በ1895 የተሻሻለው ሞተር ከነዳጁ ሙቀት ከ16 በመቶ በላይ የሚሆነውን ወደ ሥራ ለወጠ። ከዚያ ኢማኑኤል ላውስተር የተባለው ወጣት መሐንዲስ ንድፉን እየሣለ አዲስ ሞተር ተሠራ። ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1897፣ የመጀመሪያዋ ደቂቃ በተገኘች በሦስት ዓመቷ፣ የሙኒኩ ፕሮፌሰር ሞሪትስ ሽሮተር ሞተሩን በገለልተኛነት መረመረው። በደቂቃ 154 ዙር እየዞረ ወደ 18 የፈረስ ጉልበት ያህል ሰጠ፤ ከነዳጁ ሙቀትም 26.2 በመቶውን ወደ ሥራ ለወጠ። ተማሪው ደብተሩ ጠርዝ ላይ ከጻፈው ከፍተኛ አኃዝ ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ማለት ነው። ይህ ሞተር በሙኒክ የቴክኒክ ሙዚየም ለትውልድ ተቀምጧል።

ያልበሰለው ሞተር ገበያ ሲወጣ

የምርመራው ውጤት በዚያው ዓመት በካሰል ከተማ በተደረገ የመሐንዲሶች ጉባኤ ሲቀርብ ዓለም ተንጫጫ። ከየአገሩ ኩባንያዎች የማምረት ፈቃድ ለመግዛት ተሻሙ። አዶልፈስ ቡሽ የተባለው የቢራ ፋብሪካ ባለቤት የአሜሪካን መብት በአንድ ሚሊዮን ማርክ ገዛ። በ1898 ዲዝል መብቶቹን ለአንድ አዲስ ኩባንያ በ3.5 ሚሊዮን ማርክ አዛወረ፤ ክፍያው ግን በአብዛኛው በአክሲዮን ነበር።

ችግሩ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በምርመራ ቀን አዋቂዎች ከብበውት የሠራ ሞተር በተራ ሠራተኛ እጅ ሌት ተቀን ከሚሠራ ሞተር ጋር አንድ አይደለም። በ1898 ኬምፕተን በሚገኝ ክብሪት ፋብሪካ የተተከለው ባለ ሁለት ሲሊንደር፣ 60 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር በተደጋጋሚ ቆመ። በሌሎች ቦታዎችም የነዳጅ መበተኛው ይደፈናል፣ የአየር መጭመቂያው ይበላሻል፣ ቫልቮቹ ይቃጠላሉ። ደንበኞች ሞተር መለሱ፣ ገንዘባቸውንም ጠየቁ። ዲዝል ራሱ ያቋቋመው በአውግስቡርግ የሚገኝ ሌላ የሞተር ፋብሪካ ብዙም ሳይራመድ ተዳከመ። በዚህ ላይ የተሠራው ሞተር የፈጠራ መብት ከተሰጠው ሐሳብ የተለየ ነው የሚሉ ተቃዋሚዎች ተነሱ፤ ክርክሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ዲዝል ጤናው ታውኮ ወራትን በማረፊያ ሆስፒታል አሳለፈ።

ሞተሩን ከውርደት ያዳነው አዲስ ግኝት አይደለም። የአውግስቡርጉ ማሽን ፋብሪካ፣ በኋላ ኤም.ኤ.ኤን. በሚል ስም የታወቀው ማለት ነው፣ ሥራውን አልተወም። ላውስተርና ባልደረቦቹ የተሰበረውን እየፈቱ ምክንያቱን እየፈለጉ፣ አንዱን ክፍል ካንዱ በኋላ እያሻሻሉ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሞተሩን አስተማማኝ አደረጉት። ሐሳቡ የዲዝል ነው፤ ሐሳቡን በየፋብሪካው እንዲቆም ያደረጉት ግን ስማቸው ብዙም የማይነሳ የሥራ ቤት ሰዎች ናቸው።

በ1900 በፓሪስ በተካሄደው የዓለም ኤግዚቢሽን የዲዝል ሞተር ታላቁን ሽልማት አገኘ። በዚያው ኤግዚቢሽን የኦቶ ኩባንያ ያቀረበው ትንሽ የዲዝል ሞተር በኦቾሎኒ ዘይት ሠርቶ ታይቷል። ብዙ ጊዜ ሞተሩ ሲፈጠር ለአትክልት ዘይት የታሰበ እንደነበረ ተደርጎ ይወራል፤ ይህ ትክክል አይደለም። ሙከራው የተደረገው የፈረንሳይ መንግሥት በአፍሪካ ቅኝ ግዛቶቹ ከሚበቅለው ኦቾሎኒ ነዳጅ ማግኘት ይቻል እንደሆነ ለማወቅ ስለፈለገ ነው። ዲዝል ግን ውጤቱን ወድዶታል፤ በ1912ም ገበሬ ከማሳው የሚያገኘው ዘይት አንድ ቀን ነዳጅ ሆኖ ትልቅ ቦታ ሊኖረው እንደሚችል ጽፏል።

የንብ ቀፎ

በ1903 ዲዝል ስለ ሞተር ያልሆነ መጽሐፍ አሳተመ። ርዕሱ የሰው ልጅ የኢኮኖሚ ነፃነት በመተጋገዝ እንደሚገኝ የሚገልጽ ነበር። በልጅነቱ ስደትን ያየው፣ ትልልቅ ፋብሪካዎች ትንንሹን ባለሙያ ሲውጡ የታዘበው ዲዝል፣ መፍትሔ ብሎ ያቀረበው የሚከተለውን ነው። ሠራተኞች በየቀኑ እጅግ አነስተኛ ገንዘብ ወደ አንድ የጋራ ካዝና ያዋጣሉ። ካዝናው ለብድር ዋስ ይሆናል። በዚህ ዋስትና ሠራተኞቹ ራሳቸው ባለቤት የሆኑባቸው የሥራ ተቋማት ይመሠረታሉ። እነዚህን ተቋማት ዲዝል የንብ ቀፎ ብሎ ሰየማቸው። ሁሉም ይሠራል፣ ማሩም የሁሉም ነው።

መዋጮ፣ የጋራ ዋስትና፣ የጋራ ባለቤትነት፣ ትርፍን መከፋፈል፤ እነዚህ ቃላት ለመጽሔታችን አንባብያን እንግዳ አይደሉም። ለዘመኑ ሰዎች ግን መጽሐፉ ብዙም አልሳባቸውም። ከታተመው 10 ሺህ ቅጂ የተሸጠው ጥቂት መቶ ብቻ ነው። ባለሀብቶቹ ቸል አሉት፤ የሠራተኛ ማኅበራትም አልተቀበሉትም። ዲዝል ግን ከሞተሩ ይልቅ ይህን ሥራውን ዋነኛ አስተዋጽኦው አድርጎ ይቆጥረው እንደነበር ልጁ ኦይገን በጻፈው የአባቱ ታሪክ ውስጥ ይገኛል።

ለምን አልሠራም? አንዱ ምክንያት ከሞተሩ ታሪክ ራሱ ይታያል። ለሞተሩ አራት ዓመት የሙከራ ጊዜ፣ ሥራ ቤትና ስሕተት ነቅሶ የሚያወጣ መካኒክ ነበረው። ለንብ ቀፎው ግን መጽሐፍ ብቻ ነበረው። በአንድ ሠፈር፣ በሃያና በሠላሳ ሰው ተጀምሮ፣ ጉድለቱ ታይቶ፣ ደንቡ ተስተካክሎ የወጣ ነገር አልነበረም።

የመጨረሻው ጉዞ

ሞተሩ በዓለም ላይ እየተስፋፋ ሲሄድ የፈጣሪው ኑሮ እየተናጋ ሄደ። በ1912 ሴላንዲያ የተባለችው የዴንማርክ መርከብ በዲዝል ሞተር ከአውሮፓ ወደ ሩቅ ምሥራቅ ተጉዛ ዝናው ከፍ አለ። ዲዝል ግን ገንዘቡን በሙኒክ የመሬት ንግድና በነዳጅ ጉድጓድ ላይ አፍስሶ ከስሯል። ስለ መተጋገዝ የጻፈው ሰው የራሱን ሀብት የያዘው ብቻውን ነበር፤ ችግሩንም ለቤተሰቡ እንኳ አልገለጸም።

ሴፕቴምበር 29 ቀን 1913 ምሽት ድሬስደን በምትባል መርከብ ከአንትወርፕ ወደ እንግሊዝ ሃርዊች ጉዞ ጀመረ። እራቱን ከባልደረቦቹ ጋር በልቶ፣ ጠዋት እንዲቀሰቅሱት ነግሮ ወደ ክፍሉ ገባ። ጠዋት ግን አልተገኘም። አልጋው አልተነካም፤ ባርኔጣውና ካፖርቱ በመርከቡ ወለል ላይ ተገኙ። ከአሥር ቀን በኋላ አንዲት የሆላንድ ጀልባ ከባሕር ላይ አስከሬን አገኘች፤ ከልብሱ የተገኙትን ዕቃዎች ልጁ የአባቱ መሆናቸውን አረጋገጠ። ከመሄዱ በፊት ለሚስቱ በሰጣት ቦርሳ ውስጥ 20 ሺህ ማርክ ጥሬ ገንዘብና የባንክ ሒሳቡ ባዶ መሆኑን የሚያሳዩ ወረቀቶች ነበሩ። አሟሟቱ እስከ ዛሬ ብዙ ያነጋግራል። ሲሞት ዕድሜው 55 ነበር።

ከእርሱ በኋላ

ዲዝል ሲሞት ሞተሩ ገና ትልቅና ከባድ ነበር፤ ነዳጅ የሚነፋው የአየር መጭመቂያ ስለማይለየው ለፋብሪካና ለመርከብ እንጂ ለማሳ አይሆንም ነበር። ዲዝል በመጀመሪያ ሞክሮ ያቃተው ነገር፣ ማለትም ነዳጅን ያለ አየር በፖምፓ ብቻ መርጨት፣ የተሳካው ከእርሱ በኋላ ነው። የብረት ሥራው እየረቀቀ ሄደ፤ የሮበርት ቦሽ ኩባንያም በ1927 የነዳጅ መርጫ ፖምፓ በብዛት ማምረት ጀመረ። የአየር መጭመቂያው ተወገደ፣ ሞተሩ አነሰ፣ ቀለለ። በ1920ዎቹ በጀርመን የዲዝል ሞተር ያላቸው ትራክተሮችና የጭነት መኪናዎች ወጡ። ተማሪው የተመኘው፣ ትንሹ ሰው ሊይዘው የሚችል ሞተር የተገኘው በዚህ መንገድ ነው።

ለማኅበራችን ምን ይነግረናል?

በወፍጮ ቤትና በመስኖ ሞተር ላይ የተሰማራችሁ አባላት የዲዝልን ፈተና በየጊዜው ታገኙታላችሁ። ሞተሩ ጠዋት አልነሳም ካለ ብዙ ጊዜ ያው የ1893ቱ ችግር ነው፤ ሪንጉ አልቆ ወይም ቫልቩ ከመቀመጫው አልገጥም ብሎ አየሩ አይታመቅም፤ አየሩ ካልታመቀ አይግልም፤ ካልጋለ ነዳጁ አይቀጣጠልም። ሞተሩ ሥራ ላይ እያለ ጥቁር ጭስ ካበዛ ነዳጁ በደንብ አልተበተነም ወይም አየር አንሶታል ማለት ነው። ውሃና አቧራ የገባበት ናፍጣ የነዳጅ መርጫውን ይገድላል። ስለዚህ ናፍጣን አጥልሎ መቅዳት፣ ፊልትሮን በጊዜው መቀየርና የቫልቭን ክፍተት በባለሙያ ማስለካት ከትልቅ ወጪ ያድናል።

ለአመራሮችና ለባለሙያዎችም ታሪኩ የሚያስተላልፈው ቁም ነገር አለ። ሞተሩ በሥራ ቤት አራት ዓመት ሲፈተን አላፈረም፤ ያፈረው ሳይበስል ገበያ ሲወጣ ነው። አዲስ መውቂያ፣ አዲስ ፖምፓ ወይም አዲስ የብድር አሠራር ለአባላት በሙሉ ከመዳረሱ በፊት በጥቂት ማኅበራት ተሞክሮ፣ ስሕተቱ ያለ ኀፍረት ተነግሮ መስተካከል አለበት። የላላውን ቺንጋ ያስተዋለው መካኒኩ እንደነበር ሁሉ ጉድለቱን ቀድሞ የሚያየው አብዛኛውን ጊዜ በሥራው ላይ የቆመው አባል ነው። በጠቅላላ ጉባኤ የሚነሳ ቅሬታ እንደ ክስ ሳይሆን እንደ ሙከራ ውጤት ቢታይ ይጠቅማል።

ሩዶልፍ ዲዝል የጋራ ቀፎውን ሳያይ አለፈ። እኛ ግን ደንቡ ጸድቆ፣ ዕጣው ተሽጦ፣ መጋዘኑ ቆሞ ባለበት ዘመን እንገኛለን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነውና ዲዝልን ብቻውን ያደከመው ሸክም ለእኛ የጋራ ሥራ ሊሆን ይችላል። ለዚህም በየዓመቱ የማኅበራችንን ቫልቮች መፈተሽ፣ ማለትም ሒሳቡን ማስመርመር፣ ደንቡን ማየትና ያሾለከውን መድፈን ይጠበቅብናል። መልካም የምስረታ በዓል!